ቲቢ ከሰውነታችን መከላከያ የሚፈልገው ነገር

የአክታ ምርመራ በሚሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ለአዲስ ገቢ ግን ግራ የሚያጋባ አንድ ነገር አለ። ሰውነቱ መንምኖ አጥንቱ የወጣና ሲዲ ፎሩ (ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው የመከላከያ ሴሎች ቁጥር) ክፉኛ የወረደ የኤችአይቪ ሕመምተኛ፣ ሳንባው በቲቢ ተይዞ እያለ እንኳን፣ አክታው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ አይገኝበትም። በእግሩ የመጣ፣ ወረፋውን ቆሞ የጠበቀ፣ «ትንሽ ሳል ይዞኝ ነው» የሚል ጎልማሳ አክታ ላይ ግን ባክቴሪያው ስላይዱን ሞልቶት ይገኛል። በሽታ የሚበረታው የሰውነት መከላከያ ሲደክም ነው ብለን ላደግን ሰዎች ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ከአእምሮዬ ያልወጣ ጥያቄ ቢኖር ይኸው ነው። መልሱን ስከታተል የደረስኩበት ነገር ደግሞ ስለ ቲቢ ብቻ ሳይሆን «የሰውነት መከላከያ» ስለምንለው ነገር ያለኝን አስተሳሰብ በሙሉ ለውጦታል።

በመጀመሪያ ስላይዱን ራሱን ቀረብ ብለን እንየው። አክታው በስሱ ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ነበልባል ላይ አለፍ አለፍ እየተደረገ እንዲጣበቅ ይደረጋል። ካርቦል ፉክሲን የሚባለው ቀይ ቀለም ይፈስበትና እንፋሎት እስኪያወጣ ድረስ ከሥሩ ይሞቃል። ቀጥሎ አሲድ በተቀላቀለበት አልኮል ይታጠባል። በዚህ ጊዜ በስላይዱ ላይ ያለው ሌላ ነገር ሁሉ ቀለሙን ሲለቅ የቲቢ ባክቴሪያ አይለቅም፤ በመጨረሻ ሜቲሊን ብሉ ሲፈስበት በሰማያዊው መደብ ላይ ቀጫጭን፣ ጎበጥ ያሉ ቀይ ዘንጎች ለይተው ይወጣሉ። ቀለሙን አላስለቅቅ የሚለው ማይኮሊክ አሲድ ከሚባል ሰም መሰል ቅባት የተሠራው የባክቴሪያው ግድግዳ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 በርሊን ውስጥ ባክቴሪያውን ማግኘቱን ለማስታወቅ ከመቆሙ በፊት ከገጠሙት ከባድ ፈተናዎች አንዱ ይህን ግድግዳ አልፎ የሚገባ ቀለም ማግኘት ነበር። ለቀለም ያስቸገረው ይኸው ግድግዳ ሰውነታችን ውስጥ ሲገባም ለመከላከያ ሴሎቻችን ያስቸግራል።

ባክቴሪያው የሚገባው በአየር ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል ወይም ሲናገር የሚወጡት ነጠብጣቦች ውሃቸው ሲተን ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር የሚሆኑ ቅንጣቶች ይቀራሉ፤ እነዚህም ነፋስ በማያገኘው ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ተንሳፍፈው ሊቆዩ ይችላሉ። ከዚህ ተለቅ ያለ ቅንጣት ቢሆን ኖሮ አፍንጫና የአየር ቧንቧ ይዘው ያስቀሩት ነበር። እነዚህ ግን እስከ ሳንባ የመጨረሻ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃሉ፤ እዚያም ማክሮፋጅ የሚባሉት፣ የገባውን ባዕድ ነገር ሁሉ እየዋጡ የሚያጸዱ ሴሎች ይቀበሏቸዋል። እንደ ወትሮው ቢሆን ማክሮፋጁ የዋጠውን ነገር በከረጢት አድርጎ፣ አሲድና ፈጪ ኢንዛይም ከያዘ ሌላ ከረጢት ጋር አዋሕዶ ይፈጨዋል። የቲቢ ባክቴሪያ ይህን ውሕደት ይከለክላል። ከዚህም አልፎ ኢኤስኤክስ አንድ በሚባል የፕሮቲን ማስወጫው አማካይነት የተቀመጠበትን ከረጢት ይበሳል። በዚህ መንገድ ሊገድለው የተላከው ሴል ውስጥ መኖሪያ ያገኛል ማለት ነው። የሚራባውም በዝግታ ነው፤ አንዳንድ የአንጀት ባክቴሪያዎች በሃያ ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ሲሆኑ እርሱ አንዴ ለመከፈል አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል።

ይህ ዝግታ ድክመት እንዳይመስለን። ቫይረስ እንደያዘን በቀናት ውስጥ ትኩሳቱና ቁርጥማቱ የሚመጣው መከላከያችን ቶሎ ስለሚነቃ ነው። ቲቢ ግን ሳይነቃበት ይቆያል። ቲ ሴሎች የሚባሉት፣ አንድን ጀርም ለይተው የሚያውቁ የመከላከያ ሴሎች ለቲቢ ሠልጥነው ሥራ የሚጀምሩት፣ የባክቴሪያው ናሙና ከሳንባ ተነሥቶ በአቅራቢያው ወዳለው የሊምፍ ዕጢ ሲደርስ ነው። በአይጥ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ይህ ጉዞ ብቻውን ከሳምንት በላይ እንደሚወስድ ታይቷል፤ በሰው ላይ ደግሞ ባክቴሪያው መግባቱ የሚታወቅበት የቆዳ ምርመራ ወደ «ፖዘቲቭ» የሚለወጠው ባክቴሪያው ከገባ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በነዚህ ሳምንታት ሰውየው ምንም አይሰማውም። ሥራውን ይሠራል፣ ልጆቹን ያቅፋል፣ በሳንባው ውስጥ ግን ባክቴሪያው ያለ ከልካይ እየተከፈለ ነው።

ቲ ሴሎቹ በመጨረሻ ሲደርሱ ነገሩ ይለወጣል። ሲዲ ፎር የሚባሉት፣ የኤችአይቪ ሕመምተኞች በየጊዜው ቁጥራቸውን የሚለኩላቸው እነዚያው ሴሎች፣ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን ያመነጫሉ። ይህ መልእክት የደረሰው ማክሮፋጅ ቀድሞ ያቃተውን ማድረግ ይችላል፤ ከረጢቶቹን ያዋሕዳል፣ ባክቴሪያውን ብረትና ምግብ ያሳጣዋል፣ መርዛማ ኬሚካሎችን ይለቅበታል። በተፈጥሮ ጉድለት ምክንያት የኢንተርፌሮን ጋማ መቀበያ ሳይኖራቸው የተወለዱ ልጆች ለሌላው ሰው ምንም በማያደርጉ የቲቢ ዘመድ ባክቴሪያዎችና ለሕፃናት በሚሰጠው የቲቢ ክትባት በቢሲጂ ሳይቀር ክፉኛ ይታመማሉ፤ የዚህ አንድ መልእክት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል። ቲኤንኤፍ የሚባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ሴሎቹን ሰብስቦ አንድ ላይ ያቆያቸዋል። በውጤቱም ባክቴሪያ የያዙት ማክሮፋጆች መሐል ላይ፣ ሌሎች ማክሮፋጆችና ቲ ሴሎች ዙሪያውን ሆነው ግራኑሎማ የሚባለው ጉብታ ይሠራል።

ስለ ግራኑሎማ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ባክቴሪያውን አጥሮ እንደሚያስቀር ቅጥር ተደርጎ ነው። እኔ ግን ለጠዋት እንዲያድር አመድ የተዳፈነበት ፍም ይቀርበኛል፤ አመዱ እሳቱ ቤቱን እንዳያቃጥል ይከለክላል፣ ያው አመድ ግን እሳቱ ሳይጠፋ እንዲያድር ያደርጋል። ግራኑሎማውም እንዲሁ ሁለት ሥራ ይሠራል። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ ያሉት ግራኑሎማዎች ዕጣ የተለያየ መሆኑ ነው። በጦጣዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እያንዳንዱ ጉብታ በአብዛኛው ከአንድ ባክቴሪያ ብቻ እንደሚነሣና፣ በአንድ እንስሳ ሳንባ ውስጥ አንዱ ጉብታ ባክቴሪያውን ሙሉ በሙሉ ሲያጠፋ አጠገቡ ያለው ሌላው ሲሸነፍ እንደሚገኝ አሳይቷል። በሽታ ለመሆን ደግሞ የአንዱ መሸነፍ ይበቃል። ስለዚህ «መከላከያው ጠንካራ ነው» ወይም «ደካማ ነው» ብሎ ስለ አንድ ሰው በጥቅሉ መናገር በቲቢ ነገር ብዙም አያስኬድም።

በጥቅሉ ሲታይ ግን አብዛኛው ሰው ያሸንፋል፤ ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በቲቢ ባክቴሪያ እንደተያዘ ይገመታል፤ ከነዚህ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ናቸው። የዚህ አቅም እጅግ አሳዛኝ ማስረጃ የተገኘው በጀርመኗ ሉቤክ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 መጨረሻና በ1930 መጀመሪያ እዚያ የተወለዱ 251 ሕፃናት በአፋቸው የተሰጣቸው የቢሲጂ ክትባት በላቦራቶሪ ውስጥ ከሕያው፣ በሽታ አምጪ የቲቢ ባክቴሪያ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ከሰባ በላይ ሕፃናት ሞቱ። የሚበዙት ግን፣ ገና በተወለዱበት ሳምንት ያንን ሁሉ ባክቴሪያ ውጠው፣ መድኃኒት በሌለበት ዘመን በራሳቸው መከላከያ ተረፉ። የነዚያን ወላጆች ሐዘን ሳስብ ታሪኩን እንደ ማስረጃ መጥቀስ ይከብደኛል፤ ነገር ግን የሰው ልጅ አካል በቲቢ ላይ ያለውን ችሎታ እንዲህ ጉልህ አድርጎ የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አላውቅም።

እንግዲህ ያ ስላይዱን በባክቴሪያ የሞላው ጎልማሳ ምን ነካው? የተሸነፈው ግራኑሎማ መሐሉ ይሞታል፤ የሞቱ ሴሎች ወደ ወፍራም፣ ቢጫማ ነጭ ቁስ ይለወጣሉ። ምላሹ በበረታ ቁጥር ወደዚያ የሚጎርፉት ሴሎች የሚያመነጩት ኢንዛይም የሳንባውን ሥጋ ራሱን እየበላ ይሄዳል። ቁሱ ፈስሶ ወደ አየር ቧንቧ ሲከፈት በቦታው ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። በጉድጓዱ ውስጥ አየር እንደ ልብ አለ፣ የመከላከያ ሴል ግን በደንብ አይደርስም፤ ባክቴሪያው በሚሊዮኖች እየተራባ በየሳሉ ወደ ውጭ ይወጣል። በተለመደው የማይክሮስኮፕ ምርመራ ባክቴሪያ ለማየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል መኖር አለበት፤ ያንን የሚሰጠው በአመዛኙ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ደግሞ የሰውየው መከላከያ ነው። ሲዲ ፎሩ የተሟጠጠበት የኤችአይቪ ሕመምተኛ ጉድጓድ መቆፈሪያ አቅም ስለሌለው ባክቴሪያው ደሙንና ሌላ አካሉን አዳርሶ እርሱን ሊገድለው ይችላል፤ አክታው ግን ባዶ ይመስላል። አሁን አክታ የባክቴሪያውን ዘረመል በሚለየው በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ መመርመሩ ብዙዎቹን ከመሳት አድኖልናል፤ ሆኖም የነገሩ ሥር ያው ነው።

ይህን ሐሳብ ያጸናልኝ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የዘረመል ጥናት ነው። ብዙ ጀርሞች ከመከላከያችን ለማምለጥ፣ ቲ ሴሎች የሚለዩባቸውን የፕሮቲን ክፍሎች ይለዋውጣሉ፤ ኤችአይቪም ኢንፍሉዌንዛም በየራሳቸው መንገድ ይህን ያደርጋሉ። ተመራማሪዎቹ ከዓለም ዙሪያ የተውጣጡ 21 የቲቢ ባክቴሪያ ዝርያዎችን ዘረመል ሲያነጻጽሩ ያገኙት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ቲ ሴሎች የሚለዩዋቸው ክፍሎች በባክቴሪያው ዘረመል ውስጥ እጅግ በጣም ጥቂት ለውጥ ከታየባቸው ክፍሎች መካከል ሆነው ተገኙ። ይህ ማለት ባክቴሪያው በቲ ሴሎቻችን ከመታወቅ አይሸሽም፤ መታወቁ ሳይጠቅመው አይቀርም ማለት ነው። ጉድጓድ ካልተቆፈረ በሳል የሚወጣው ባክቴሪያ ጥቂት ነው፣ የሚወጣው ካነሰ ወደ ሌላ ሰው መሻገሩም ያንሳል። እኔ በበኩሌ በዚህ በሽታ ሳይንስ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ያሳሰበኝ ግኝት የለም፤ ክትባት ለመሥራት የምንደክመው መከላከያችን ያንኑ ነገር ይበልጥ እንዲለይ ለማድረግ ከሆነ፣ ባክቴሪያው ራሱ እንድንለየው የሚፈልገውን ነገር እያስተማርነው ሊሆን ይችላል።

ምላሹ ሲጎድልም ሲበዛም ምን እንደሚደርስ ሕክምናው ራሱ አሳይቶናል። ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጠው ኢንፍሊክሲማብ ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ነው፤ ሥራ ላይ ከዋለ ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ2001 መድኃኒቱን የወሰዱ ሰዎች ላይ ቲቢ እየተነሣ መሆኑ ተዘገበ። ግራኑሎማውን አንድ ላይ የያዘው ፕሮቲን ሲታገድ የተዳፈነው ፈነዳ። በሌላ በኩል ደግሞ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የጀመረ የቲቢ ሕመምተኛ ሲዲ ፎሩ ሲያንሰራራ ትኩሳቱ ሊያገረሽበት፣ ዕጢዎቹ ሊያብጡ፣ የሳንባው ራጅ ሊከፋ ይችላል። ባክቴሪያው እያነሰ፣ መከላከያው ግን እየነቃ ስለሆነ ነው። ቲቢው በአንጎል ሽፋን ላይ ሲሆን ሐኪሞች ከቲቢ መድኃኒቱ ጋር ስቴሮይድ ይጨምራሉ፤ ስቴሮይድ የሰውነትን ምላሽ የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት ነው፣ ሕይወት የሚያድነውም በማቀዝቀዙ ነው።

በአገራችን ይህ ነገር በሰፊው የሚታየው አንገት ላይ ነው። በኢትዮጵያ ከሚመዘገቡት የቲቢ ሕመምተኞች መካከል ሲሶ ገደማ የሚሆኑት በሽታው ከሳንባ ውጭ የሆነባቸው ናቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ ንፍፊታቸው ያበጠ ነው። ምክንያቱ ያልፈላ ወተት ይሆናል ተብሎ ሲጠረጠር ኖሯል፤ የባክቴሪያውን ዘረመል የመረመሩ ጥናቶች ግን ከከብት የሚመጣውን የባክቴሪያ ዝርያ ያገኙት ከጥቂት ሰዎች ብቻ ነው። አንዲት እናት ሕክምናዋን ከጀመረች ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ መጥታ «ልጄ፣ ኪኒኑን አንድ ቀን ሳላስታጉል እየዋጥኩ እብጠቱ ለምን ጨመረ?» ብላ ጠየቀችኝ። በቀጭን መርፌ ከዕጢዋ የተወሰደውን ናሙና ስናየው የሞተ ሥጋ፣ የተሰበሰቡ ማክሮፋጆችና ቲ ሴሎች ሞልተውት ነበር፤ ባክቴሪያ ግን አላገኘንም። ባክቴሪያው ሲሞት ስብርባሪው ይቀራል፤ መከላከያው ለስብርባሪውም ምላሽ ይሰጣል። «እማማ፣ ያበጠው ሰውነትዎ ገና እየታገለ ስለሆነ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪምዎ ይየዎት እንጂ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ» አልኳት። እንዲህ ያለ እብጠት መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ሊሆንም ስለሚችል፣ ነገሩን ለይቶ የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይህን ሳይጠይቅ በዚህ ደረጃ ላይ ተስፋ ቆርጦ መድኃኒቱን ይተዋል።

ኢትዮጵያን የሚመለከት ሌላም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በወልድያ አካባቢና በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ከተገኙ ሕመምተኞች መካከል ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ውጭ እምብዛም የማይታወቅ የባክቴሪያ ዘር አሳወቀ፤ ዛሬ የዘር ሐረግ ሰባት ይባላል። በላቦራቶሪ ማሳደጊያ ላይ ከሌሎቹ ዝግ ብሎ ያድጋል። በአማራ ክልል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ደግሞ በዚህ ዘር የተያዙ ሰዎች ሕክምና ፍለጋ ከመሄዳቸው በፊት ከሌሎቹ ይበልጥ እንደሚዘገዩ አሳይቷል። በኔ ግምት የሚዘገዩት ቸልተኞች ሆነው ሳይሆን ሕመሙ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ፣ ምላሹም ስለማያስቸኩላቸው ነው። ከአንድ ሕዝብ ጋር ለረጅም ዘመን የኖረ ባክቴሪያ ከዚያ ሕዝብ መከላከያ ጋር እንዴት እንደሚግባባ ለማጥናት ከአገራችን የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም፤ የራሳችን ተመራማሪዎች ይህን ሥራ በብዛት ቢይዙት ምኞቴ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው «መከላከያህን አጠናክር» የሚለው ምክር በየማኅበራዊ ሚዲያው ሲሸጥ ስለማይና ሕመምተኞች ራሳቸውን ሲወቅሱ ስለምሰማ ነው። በቲቢ ላይ ጠቃሚ የሆነው ምላሹ በቦታው፣ በጊዜውና በልኩ መሆኑ ነው፤ ይህንን ደግሞ በእሽግ የሚሸጥ ዱቄት አያመጣውም። ልኩን የሚያዛቡት ነገሮች ግን በደንብ የታወቁ ናቸው፤ ኤችአይቪ፣ ስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ረሃብ። በሕንድ ጃርክሃንድ ግዛት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ለቲቢ ሕመምተኞች ቤተሰቦች እህልና ጥራጥሬ ከቪታሚን ጋር በየወሩ ሲሰጥ በቤተሰቡ አባላት ላይ የሚከሰተው ቲቢ በ40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አረጋግጧል። አያቶቻችን ቲቢ የያዘውን ሰው ወተትና ቅቤ ይመግቡት የነበረው ያለ ምክንያት እንዳልነበረ አሁን ይታያል፤ መብላት የነበረባቸው ግን ሳይታመሙ በፊት ጭምር፣ በቤቱ ያሉት ሁሉ ናቸው። ድርቅና መፈናቀል ባለበት አካባቢ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ጥናት እንዲያነቡት ከልቤ እጠይቃለሁ።

ሕፃናትን በተመለከተ ደግሞ ማመንታት አያስፈልግም። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ቲ ሴሎቹ ገና ስላልበሰሉ ባክቴሪያውን በሳንባው ላይ ይዞ ማቆየት ሊያቅተው ይችላል፤ በደም ተሠራጭቶ ወደ አንጎል ሽፋን የሚደርስበትም ለዚህ ነው። ፈረንሳውያኑ ተመራማሪዎች አልበርት ካልሜትና ካሚል ጌራን የከብቱን የቲቢ ባክቴሪያ 13 ዓመት ሙሉ ከማሳደጊያ ወደ ማሳደጊያ 230 ጊዜ እያሸጋገሩ አለዝበው እ.ኤ.አ. በ1921 ለሰው ያበቁት ቢሲጂ ከዚህ ክፉ ዓይነት ቲቢ ሕፃናትን በደንብ ይጠብቃል፤ አዋቂን ከሳንባ ቲቢ ለመጠበቅ ግን አስተማማኝ አልሆነም። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሳንባ ቲቢ የተገኘበት ሰው ካለ ልጆቹ ቢሲጂ ወስደዋል ተብሎ አይታለፍም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ተመርምረው፣ ካልታመሙ የመከላከያ መድኃኒት መጀመር አለባቸው።

ከቢሲጂ በኋላ ያለፈው መቶ ዓመት አዲስ ክትባት አላስገኘም። አሁን ተስፋ የተጣለበት ኤም 72 የሚባለው ክትባት ነው። በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በዛምቢያ ባክቴሪያው ባለባቸው ግን ባልታመሙ አዋቂዎች ላይ ተሞክሮ በሦስት ዓመት ውስጥ መታመምን በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ እስከ 20,000 ሰዎችን የሚያሳትፈው ትልቁ ሙከራ በደቡብ አፍሪካ ተጀመረ። ክትባቱ የተሠራው ከባክቴሪያው ሁለት ፕሮቲኖች ብቻ ነው። እኔ ከመቶኛው ይልቅ በጉጉት የምጠብቀው፣ ከተከተቡት መካከል የተጠበቁት ሰዎች ደም ካልተጠበቁት በምን እንደሚለይ ነው። የትኛው ምላሽ እኛን እንደሚያድን፣ የትኛውስ ባክቴሪያውን እንደሚያሻግር ለይተን ለማወቅ ካሉን መንገዶች ይህ አንዱ ነው።